የትውልድ ከፍታ

ሕፃኑ የተወለደው በሦስት ሺህ አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ነው። ምንታምር ቁጥሩን ከግድግዳው መለኪያ ላይ አንብባ ጮክ ብላ ተናገረች፤ አብራት ተረኛ የነበረችው አዋላጅ ደገመችው፤ ሁለቱም ፈረሙ። እትብቱ የተቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ደንቡ እንዲያ ነበር፤ መጀመሪያ ከፍታ፣ ቀጥሎ እትብት፣ ጾታና ክብደት እንደ አመቺነቱ።

አባትየው በሩ ላይ ቆሟል።

“ሲስተር፣ አሥራ ሁለት ብቻ?”

“አሥራ ሁለት ብቻ።”

“የወንድሜ ልጅ እኮ ሃያ አራት ነው። እዚሁ ነው የተወለደው።”

“አራተኛ ፎቅ ይሆናል። አራተኛ ፎቅ እስከ ሰኔ ተይዟል።”

“አልጋውን ትንሽ ከፍ ማድረግ አይቻልም ነበር?”

“አልጋው አይቆጠርም። የሚለካው ወለሉ ነው።”

ሰውየው ወለሉን እንደ በደለኛ አየው። ሚስቱ ከአልጋው ላይ ሆና፣ “ወንድ ነው ሴት?” ብላ ጠየቀች። እስካሁን የነገራት አልነበረም።

ማዋለጃው ከደብረ ነፋስ ከተማ መሐል ወደ ተራራው ጫፍ ከተዛወረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ከተማዋ ራሷ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ሜትር ላይ ናት፤ ለመታወቂያ ይበቃል። ወላጆች ግን ለልጃቸው የሚበቃውን ሳይሆን የሚበልጠውን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ ጠመዝማዛውን መንገድ አርባ ደቂቃ ትወጣለች። መንገድ ላይ የሚወለዱም አሉ። እነዚያን ሾፌሮቹ ይመዘግቧቸዋል፤ እያንዳንዱ ታክሲ መለኪያ አለው።

በሁለት ሺህ ዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ሰው ለሰው ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ የሚጠየቀው ቁጥር ነበር። “ስንት ነህ?” “ሃያ ስምንት ሰባ።” “እኔ ሠላሳ ዜሮ አራት።” “እንዴ! እንቁልልጭ ነዋ!” ከሃያ አራት መቶ በታች የሆነ ሰው ቁጥሩን አይናገርም፤ ያስላል። በዚህ የተነሳ ጉንፋን የያዘው ሰው እንኳ ሰው ፊት ማሳል ትቷል።

ይህን ሁሉ ያመጣው ኢዮሲያስ ወንድይፍራው የሚባል የአየር ጠባይ ዜና አንባቢ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዜና በኋላ ካርታው ፊት ቆሞ የሙቀቱን መጠን ያነብ ነበር። አጭር ነው፣ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ክራባቱ ሁልጊዜ ግራጫ ነው። ዝናብ ይመጣል ብሎ ቢቀር እንኳ ሰው እሱን አይረግምም፤ ዝናቡን ነበር የሚረግመው። ቆላው በየዓመቱ እየጋለ፣ ሰውም ዕቃውን እየጫነ ወደ ደጋ መውጣት በጀመረበት ጊዜ፣ በአንድ ማክሰኞ ምሽት፣ ኢዮሲያስ ከሙቀቱ ዝርዝር በኋላ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ።

“ዛሬ ከቆላ ወደ ደብረ ነፋስ የገቡ፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት። መልካም ምሽት።”

ሌላ ነገር አላለም። ፊቱ አልተለወጠም። ረቡዕ ዕለት፣ “አራት መቶ ሠላሳ” አለ። በወሩ ሰው ዝናቡን ትቶ ቁጥሩን መጠበቅ ጀመረ። ጣቢያው ሲያግደው ከሰገነቱ ላይ በድምፅ ማጉያ ያነብ ጀመር፤ ሰፈሩ ወንበር እያወጣ ያዳምጠው ነበር። ፓርቲ ሲያቋቁም “የደጋ ንቅናቄ” አለው። በመጀመሪያው ምርጫ ሦስት ወንበር፣ በሁለተኛው ሃያ ስድስት አገኘ። ተቃዋሚዎቹ ዘረኛ ነው፣ ጨካኝ ነው እያሉ ጮኹ። እሱ አልጮኸም። ስለ ሰዎች ተናግሮ አያውቅም፤ ስለ ግፊት ነበር የሚናገረው። “ከታች የሚመጣው ግፊት በሚቀጥሉት ቀናት ይጨምራል” ይላል፤ ሰውም ቤቱ ገብቶ በሩን ይቆልፋል። መፈክሩ አንድ ብቻ ነበር፤ “ተራራ ወደ ላይ ይጠባል።” ይህን ማን ያስተባብላል? ተራራ እውነትም ወደ ላይ ይጠባል።

በሁለተኛው ምርጫ ምንታምርም መርጣዋለች። በዚያ ሰሞን የውሃ ወረፋው ረዝሞ ነበር። ለማንም አልተናገረችም፤ የጠየቃትም የለም።

በሦስተኛው ምርጫ አሸነፈ። በሁለተኛው ሳምንት የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የትውልድ ከፍታው እንዲጣራ ታዘዘ። ከሃያ አራት መቶ በታች የተወለደ ከሥራው ይነሳል፤ በሠላሳ ቀን ውስጥም ወደ ደጋው መግቢያ ላይ ካለው ኬላ በታች ይወርዳል።

ምንታምር ቁጥሯን ታውቃለች። ዘጠኝ መቶ ስልሳ ነው።

*

እሁድ ምሳ ላይ ወንድሟ አጥናፉ የማጣሪያውን ወረቀት ይዞ እናታቸው ቤት መጣ። አጥናፉ የሦስት ዓመት ታናሿ ነው። ሁለተኛ ልጅ ስለሆነ የተወለደው እዚሁ ደብረ ነፋስ፣ በአባቱ ቤት፣ በሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ሜትር ላይ ነው። የወረዳው የንቅናቄው አስተባባሪ ነው፤ ደረቱ ላይ ትንሽ የብር ተራራ ሰክቷል።

“ነገሩ ቀላል ነው” አለ እጁን ሳይታጠብ። “እሷ ስትመዘገብ ቅጹ ላይ ከፍታ የሚባል ሳጥን አልነበረም። ቦታው ባዶ ነው። ባዶ ከሆነ የእናት ቃል ይበቃል። እማዬ ቀርበሽ፣ ‘እዚሁ ነው የወለድኳት’ ትያለሽ፤ አለቀ።”

እናታቸው ወይዘሮ ሶሊያና ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ወጡን ማማሰሏን አላቆመችም።

“እዚህ አልወለድኳትማ።”

“እሱን እኛም እናውቃለን።”

“የበኩር ልጅ ናት። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። እናቴ በስምንተኛ ወሬ ራሷ መጥታ ወሰደችኝ። ለሰው አልላከችም፤ ራሷ! ከመተሐራ እዚህ ድረስ፣ በጭነት መኪና፣ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጣ። ሰማንያ ቀን አረሰችኝ። ገንፎው ቅቤ እስኪተፋ ነበር የምታገነፋልኝ። እህቴ ኤልዳና ትሙት፣ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ይቺን ልጅ ከእጇ አላወረደቻትም። እትብቷን እንኳ የቀበረችው እሷ ናት።”

“እማዬ፣ ይህን ነው እንዳትናገሪ የምልሽ።”

“ምን ልበል ታዲያ? እናት የሌላት ሴት ነኝ ልበል? ወልዳ አራሽ ያጣች ልበል? በኛ ጊዜ እንዲያ የምትባል ሴት እኮ አንገቷን ደፍታ ነበር የምትኖረው።”

ምንታምር እንጀራ ቆርሳ አፏ ከተተች። ከሁለቱ ይልቅ የተራበችው እሷ ነበረች፤ ከሌሊት ተረኛነት ነው የመጣችው።

“ሁሉንም ንገራት” አለችው ወንድሟን።

አጥናፉ ወረቀቱን ገለበጠ። “እ... አንድ ነገር አለ። የበኩር ልጇን እዚህ ወለድኩ የምትል ሴት ምክንያት ትጠየቃለች። የሚቀበሉት ሁለት ምክንያት ነው። አንዱ፣ እናት በጊዜው ሞታ ከነበረ። አያታችን ደግሞ በሕይወት ነበረች፤ መዝገብ ላይ አለ። ሁለተኛው፣ ዝምድና ተቋርጦ ከነበረ ነው።”

“ከተቋረጠስ?”

“ከተቋረጠ... ከታች ዘመድ የለሽም ማለት ነው።”

ወይዘሮ ሶሊያና ማማሰያውን አስቀመጠች። አሁን ገባት። እህቷ ኤልዳና እዚያው መተሐራ ቀርታለች። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሙቀቱ ሰው በሚገድልበት ወራት፣ በየዓመቱ “የዘመድ እንግዳ” በሚል ፈቃድ እየወጣች እዚህ ትከርማለች። ፈቃዱን የምታወጣላት ሶሊያና ናት። ዘመድ የሌለው ሰው የዘመድ እንግዳ አይቀበልም።

“ወይ ልጄን ወይ እህቴን ነው የምትለኝ?”

“እኔ አይደለሁም የምልሽ። ሕጉ ነው።”

“ያጨበጨብክለት ግን አንተ ነህ” አለች ምንታምር።

“አንቺ አላጨበጨብሽም?”

ምንታምር እጇን ከምግቡ መለሰች። ለአፍታ መርጣው እንደነበር ያወቀ መሰላት።

ስልኩ የጮኸው በዚህ መሐል ነው። ኤልዳና ነበረች። ወይዘሮ ሶሊያና ከልማዷ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ የኤልዳና ድምፅ ግን ማጉያ አይፈልግም።

“ሶልዬ! ገና ታኅሣሥ ነው፣ ሠላሳ ስምንት ገባ! ዶሮዬ እንቁላል መጣል ትታ ቅቅል ጀምራለች! ፈቃዱ ወጣ ወይ?”

“ገና ነው ኤልዱ።”

“ቶሎ በይ እንጂ። ያ ባለ ክራባት ተመረጠ አሉ። አጥናፉ አለ? አጥናፉዬ፣ ንገረው እስቲ ለሰውዬህ፣ አንድ አሮጊት ብትጨመር ተራራው አይናድም በለው!”

“እሺ አክስቴ” አለ አጥናፉ ወረቀቱን እያጠፈ።

“ምንቴስ? አላገባሽም አሁንም? ተዪው፣ ከመጣሁ አንዱን ጎትቼ አመጣልሻለሁ። ባለ ሦስት ሺህ!”

ስልኩ ተዘጋ።

“እኔ እወርዳለሁ” አለች ምንታምር። “እዚያም ሴቶች ይወልዳሉ።”

“አምና ሚያዝያ ላይ ከታች በሙቀት ስንት ሰው እንደሞተ ታውቂያለሽ?” አለ አጥናፉ። “እኔ አውቃለሁ። ቁጥሩ በየሳምንቱ ይደርሰናል።”

“እና ያንን ቁጥር ምን ታደርጉበታላችሁ?”

“እናስቀምጠዋለን።”

ወይዘሮ ሶሊያና ተነስታ ወጡን አወረደች። ወጡ አርሮ ነበር። በዚያ ቤት ወጥ ሲያር ምንታምር ስታይ ይህ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

*

ማጣሪያው የተካሄደው በወረዳው አዳራሽ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ሦስት መርማሪዎች ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ጋሽ ናትናኤል የሚባሉ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው፤ ምንታምርንም አስተምረዋታል። ጥሩ ውጤት ነበራት። ሁለቱም ይህን ያስታውሳሉ፤ ሁለቱም አላነሱትም።

አጥናፉ እናቱን ሦስት ቀን አስለማምዷታል። አጭር መልስ፣ አለመቀባጠር፣ አለማልቀስ።

“የት ወለዷት?”

“እዚሁ ደብረ ነፋስ፣ ባሌ ቤት።”

“የበኩር ልጅዎ ናት?”

“አዎ።”

“እናትዎ ያኔ በሕይወት ነበሩ?”

“ነበሩ።”

“ዝምድናችሁስ?”

“ተቋርጦ ነበር።”

ጸሐፊው ጻፈ። ጉዳዩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ጋሽ ናትናኤል ግን መነጽራቸውን አወለቁ። ቀጥሎ የጠየቁት ቅጹ ላይ የለም፤ እንዲሁ ስለገረማቸው ነው የጠየቁት።

“እንዴት ነው እመቤቴ፣ ለበኩር ልጅ እንኳ ‘ነይ’ አላሉዎትም?”

ምንታምር ከኋላ ወንበር ላይ ሆና የእናቷን ማጅራት ብቻ ነበር የምታየው። ማጅራቱ አልተንቀሳቀሰም። እናቷ አሁን እውነቱን ታወራለች ብላ አሰበች፤ የጭነት መኪናውን፣ ገንፎውን፣ ሰማንያውን ቀን ሁሉ ትዘረግፈዋለች። ሻንጣዬን የት ነው ያስቀመጥኩት ብላም አሰበች።

“አላለችኝም” አለች ወይዘሮ ሶሊያና። “ሰው ልኬባት ነበር። ‘ወደ ላይ ከወጣሽ እዚያው ቅሪ’ ብላ መለሰችልኝ። ገንፎ የሚያገነፋልኝ ሰው አልነበረም። ጎረቤት ናት ያረሰችኝ። ጎረቤትም ስልችት ሲላት በሰባተኛው ቀን ተነስቼ የራሴን ልብስ ራሴ አጠብኩ። እህት ነበረችኝ፤ እሷም አልመጣችም። ከዚያ ወዲህ ከታች ሰው አለኝ አልልም።”

አጥናፉ ይህን አላስለማመዳትም። አዳራሹ ውስጥ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ እንባዋን ጠረገች። ጋሽ ናትናኤል አንገታቸውን ነቅንቀው ማኅተሙን አነሱ።

ምንታምር ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ሆነች።

ከአዳራሹ ሲወጡ አጥናፉ እናቱን አቅፎ ሳማት። “ከየት አመጣሽው በማርያም? እኔ ራሴ አመንኩሽ እኮ!”

“ዝም በልና ታክሲ ጥራ” አለችው።

*

ለአንድ ወር ጸጥ አለ። በጥር ወር መጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ወይዘሮ ሶሊያና በር ላይ ሁለት ጥቁር መኪናዎች ቆሙ፤ ኢዮሲያስ ወንድይፍራው ራሱ ከሁለተኛው ወረደ። በቴሌቪዥን ከሚታየው ያነሰ ነው። ጫማውን በር ላይ ሊያወልቅ ሲል፣ “ኧረ ግባ ልጄ፣ ቤቱ ቤተ ክርስቲያን አይደለም” አለችው።

ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ሻይውን በሁለት እጁ ያዘ። ምንታምር ከሥራ መጥታ ነጭ ልብሷን ሳትቀይር አጠገቡ ተቀመጠች። አጥናፉ አልተቀመጠም፤ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆሟል።

“እናቴ” አለ ኢዮሲያስ፣ ያን የአየር ጠባይ የሚያነብበትን ለስላሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ “የምስክርነትዎን ቃለ ጉባኤ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። ‘ወደ ላይ ከወጣሽ እዚያው ቅሪ።’ እኛ ስድስት ዓመት ልንለው ሞክረን ያቃተንን እናትዎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብለውታል።”

“ለክፋት ነው ያለችው።”

“ይሁን። እውነት ከየትም ሊመጣ ይችላል። እርስዎም ቀሩ። ብቻዎን ወለዱ። አልወረዱም። እናቶቻችን እንደ እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ የዚህች ከተማ የበኩር ልጆች ግማሹ በቆላ ቁጥር አይጠሩም ነበር። ይህን ከአየር ጠባዩ በፊት ለዘጠና ሰከንድ እንዲናገሩልኝ ነው የመጣሁት። አሁን ያሉትን ያህል ብቻ።”

“እምቢ ብልስ?”

“ማንም አያስገድድዎትም።” ወደ ምንታምር ዘወር ብሎ ፈገግ አለ። “ሲስተር በሥራዋ ደስተኛ ናት?”

“ደህና ነኝ” አለች ምንታምር።

“ምስክርነት በአደባባይ ሲነገር ይጠነክራል። ሳይነገር የቀረውን አንዳንዴ እንደገና እናየዋለን።” ሻይውን ጠጣ። “ጥሩ ሻይ ነው።”

ወይዘሮ ሶሊያና ለረጅም ጊዜ አየችው። የአራስ ጠያቂ እንደምትጠይቀው ባለ ድምፅ፣ “አንተስ የበኩር ልጅ ነህ?” አለችው።

“ነኝ።”

“እናትህን ማን አረሳት?”

ኢዮሲያስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አጥናፉ ከግድግዳው ላይ ተነሳ። አብረውት ከገቡት ጠባቂዎች አንዱ ስልኩን ማየት ጀመረ።

“ሐኪም ቤት ነው የተወለድኩት” አለ ኢዮሲያስ።

“ሐኪም ቤት ያዋልዳል እንጂ አያርስም።”

“አላስታውስም፣ እናቴ።”

“እሱስ ማን ያስታውሳል” አለች ወይዘሮ ሶሊያና፤ እጇንም በጉልበቱ ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች። “እሺ። እናገራለሁ።”

አንዳቸው የሌላውን የትውልድ ቦታ እንዳይመረምር ሁለቱም ተግባብተው ነበር። ምንታምር ይህን አየች። ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ቀለለው፤ ቀልድም ተቀለደ፤ ኢዮሲያስ ለማዋለጃው አምስተኛ ፎቅ ሊሠራለት እንደታሰበ ነገራት።

ሐሙስ ምሽት ወይዘሮ ሶሊያና በቴሌቪዥን ቀረበች። ዘጠና ሰከንድ ተሰጥቷት በሰማንያ ስድስት ጨረሰች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ካሜራውን ቀጥ ብላ እያየች፣ ለሌለችው ጎረቤት እንኳ ስም ሰጠቻት። በሰባተኛው ቀን ላጠበችው ልብስ ቀለም ጨመረችለት። ከዚያ፣ ከተመረጠ ወዲህ ወደ ጣቢያው የተመለሰው ኢዮሲያስ ካርታው ፊት ቆሞ ሙቀቱን አነበበ።

በማግሥቱ በገበያ ሰው እየቆመ ሰላም አላት። ሽንኩርት ሻጭዋ፣ “የኛ ጀግና! አንቺ እኮ ነሽ ያልወረድሽው!” አለቻት። በየካቲት ምክር ቤቱ አንድ ሕግ አወጣ፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት መውረድ አትችልም፤ ከታች የሚመጣ አራሽም ኬላውን አያልፍም። በማዋለጃው ኮሪደር የወይዘሮ ሶሊያና ፎቶግራፍ ተሰቀለ። ምንታምር በቀን ሃያ ጊዜ በሥሩ ታልፋለች። የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ ሴቶች አሁን እናቶቻቸውን ሳይሆን ምንታምርን ነው የሚጣሩት፤ እጇን አጥብቀው ይይዛሉ፤ ጥፍራቸው ይገባባታል። ጓንት ደርባ ማድረግ ጀመረች።

ለኤልዳና የነገራት አልነበረም። መተሐራ የደብረ ነፋስን ቴሌቪዥን አይቀበልም። ወይዘሮ ሶሊያና ከታች የሚመጣ ስልክ ማንሳት አቁማ ነበር። “ነገ እነግራታለሁ” ትላለች። ምንታምርም፣ “ነገ እነግራታለሁ” ትላለች። ሁለቱም የምራቸውን ነበር።

*

መጋቢት አሥራ አራት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የማዋለጃው ስልክ ጮኸ።

“ሲስተር ምንታምር ነሽ? ከኬላ ነው የምደውለው፣ ተረኛ ጠባቂ ነኝ። አንዲት እናት እዚህ ቆመዋል። ፈቃድ የላቸውም። አክስቷ ነኝ፣ የእናቷ ስልክ አይነሳም፣ ለእሷ ደውሉላት ይላሉ።”

ከጀርባው ድምፅ ይሰማል። “ንገራት እንጂ! እትብቷን በዚህ እጄ ነው የቀበርኩት በላት!”

“ሰማሽ?” አለ ጠባቂው። “እትብቷን መተሐራ ቀብሬያለሁ ነው የሚሉት። እንግዲህ እንዲህ ያለ ቃል መመዝገብ አለበት። ከመመዝገቤ በፊት ግን ብጠይቅሽ ይሻላል ብዬ ነው። ያቺ የእናታችን ልጅ ነሽ አይደል? የወይዘሮ ሶሊያና?”

“ነኝ።”

“ታውቂያቸዋለሽ?”

ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት ታምጣለች። የማሕፀኗ በር የተከፈተው ገና አራት ሴንቲ ነበር፤ ጊዜ አለ።

“ስልኩን ስጣቸው” አለች ምንታምር።

“ምንቴ!” አለች ኤልዳና። ድምፅዋ ደርቋል፤ ከፍታው ግን ያው ነው። “ይቺ እናትሽ ምን ሆና ነው? ሞተች እንዴ? ከሞተች ንገሪኝ ላልቅስ፤ ካልሞተች ስድብ አለኝ። ሁለት ቀን መንገድ ላይ ነኝ። ከታች አርባ ዘጠኝ ገብቷል፤ ዶሮዎቹ አልቀዋል። ይሄ ልጅ ደግሞ ወረቀት ወረቀት ይለኛል። ንገሪው በይ።”

“እናቴ ደህና ናት” አለች ምንታምር። ምጥ ለያዛት ሴት እንደምትናገረው፣ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ተናገረች። “እናቴ ከታች ዘመድ የላትም። በመዝገብ ተጽፏል። በቴሌቪዥንም ተናግራለች። እኔን የወለደችኝ እዚህ ነው። እናቷ አልጠራቻትም። እህቷም አልመጣችም። በዚህ ቃል ነው እኔ እዚህ የምሠራው።”

በስልኩ ውስጥ የአውቶቡስ ሞተር ይሰማል፤ የሆነ ሰው ስለ ውሃ ይጨቃጨቃል።

“አልመጣችም አለች?” አለች ኤልዳና።

“አዎ።”

“ይቺ ሶሊያና።”

ምንታምር ጠበቀች። ስድቡን ነበር የምትጠብቀው፤ ቢመጣም ደስ ይላት ነበር። ኤልዳና ግን ጉሮሮዋን ጠራርጋ ስልኩን ከአፏ አራቀችና ለጠባቂው ጮክ ብላ ስትናገር ተሰማት።

“ልጄ፣ ይቺ አይደለችም! የኔዋ ምንታምር ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ይቺ እንደ ወንድ ነው የምታወራው። ስም መመሳሰል ነው።”

“እትብቷን ቀብሬያለሁ ያሉትስ?”

“የሌላዋን ነዋ! በኔ ዕድሜ የስንቱን ቀብሬያለሁ። አሁን የሁሉንም ላስታውስልህ ነው?”

ስልኩ እጅ ለወጠ።

“ይቅርታ ሲስተር” አለ ጠባቂው። “ብዙ ናቸው እንዲህ የሚሉ። ሰው የሰማውን ስም ይዞ ይመጣል።”

“ይሆናል።”

“አልመዘግበውም በቃ። ተሳስተው ነው።” የወረቀት ድምፅ ተሰማ። “የመልሱ አውቶቡስ ሐሙስ ነው የሚመጣው፤ እዚህ ደግሞ ማሳደር ክልክል ነው። ለማንኛውም እናትሽን ሰላም በይልኝ። ያልተናገሩት ነገር የለም።” ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እኔም የበኩር ልጅ ነኝ” አለና ዘጋው።

ምንታምር ጓንቷን ቀይራ ወደ መጋረጃው ገባች። ሴትየዋ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ቁጥሩን አነበበች፤ ባልደረባዋ ደገመችው፤ ፈረሙ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እናቷ ቤት ገባች። ወይዘሮ ሶሊያና ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነበር። ምንታምር ጫማዋን ሳታወልቅ፣ አጥሩን ተደግፋ፣ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገረቻት፤ ጠባቂው ያለውን፣ ኤልዳና ያለችውን፣ እሷ ያለችውን። ምንም አልዘለለችም። ለጠባቂው ሰላምታም ቦታ ሰጠችው።

ወይዘሮ ሶሊያና የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ዘርግታ ጫፍና ጫፉን አስተካከለች።

“በመኪና ነው የወረደችው ወይስ በእግሯ?”

“አልጠየቅኩም” አለች ምንታምር።